ሽመላ ያለበት በርሜል

ቲግሚ ኡፍላ፣ የወይራ ለቀማ በገባ ሰሞን፣ 1997

ለወንድሜ ለኢደር፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ያንን ጭጋጋችሁን ሰንጥቆ ይድረስህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ደኅና ነው፤ ማለቴ፣ ስቀመጥ ደኅና ነው። ረቂያን ሳምልኝ። ልጆቹንም በየተራ ሳማቸው፤ ትንሹን ሁለት ጊዜ።

በስልክ ለምን እንደ ሌባ እንደማንሾካሹክ ጠይቀኸኛል። ስልክ ቤቱ የማን እንደሆነ ረሳኸው እንዴ? የሐጂ ሞሐንድ የእህት ልጅ ነው የያዘው። ቆጣሪውን የሚያይ መስሎ ጆሮውን ወደ ሰው አፍ ያዘነብላል። እኔ እዚያ ካስነጠስኩ፣ ሐጂ ቤት ሻይ ሳይፈላ "ይማርሽ" ይባላል። አባታችን እንደ ወንድ ልጅ ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ቀን ነው። ከእንግዲህ በወረቀት እንጨዋወታለን።

በስልክ የበርሜሉን ነገር ለምን እንዳነሣሁ ልንገርህ። ሐጂ ለላስቲክ ቤቶቹ አዲስ መድኃኒት አስመጥቷል። ቲማቲሙን የሚጨርሰውን ነጭ ዝንብ ሙልጭ አድርጎ ይገድላል። በርሜሉ ሰማያዊ ነው፤ ጎኑ ላይ በአንድ እግሯ የቆመች ሽመላ ተሥላበታለች። ሳያት ክው አልኩ። በላክህልኝ ፎቶግራፍ ላይ በፋብሪካ ባርኔጣህ ላይ ያለችው ሽመላ ናት እኮ! በርሜሉን እንደ ላም ጀርባ መታ መታ አድርጌ፣ "ሴቶች፣ ይኼ የወንድሜ የእጅ ሥራ ነው፤ አክብራችሁ ያዙት!" አልኳቸው። እልል አሉልኝ። ልጄ ኪልቱም ብቻ፣ "አጎቴ ሽቶ ፋብሪካ ቢገባ ምን ነበረበት" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

አሁን ሳቁ ቀርቷል። ካቦው ጠዋት ያስረጭና ከቁርስ በኋላ ግቡ ይለናል። ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው። አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ጠምጥመን፣ በባዶ እጃችን እንለቅማለን። ከንፈራችን ይደነዝዛል፤ ዓይናችን ሽንኩርት የከተፍን ይመስል ሲያለቅስ ይውላል። አብራን የምትለቅመው ፋድማ በቀደም ረድፉ መሀል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ለሐጂ ስንነግረው፣ "የፈረንሳይ መድኃኒት ነው። ፈረንሳይ ሞኝ መሰለቻችሁ? እነሱ ቲማቲማቸው ላይ የሚረጩትን ነው ያመጣሁላችሁ" አለን። እኔም እውነቱን ነው ብዬ አምኜዋለሁ፤ ሽመላዋ ያንተ ናታ።

እኛ የምናበላሸው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ፈረንሳዮቹ ከረጩ በኋላ ስንት ቀን ጠብቀው ነው የሚገቡት? ጻፍልኝና ለካቦው አሳየዋለሁ። ኪልቱም ሰላም ብላሃለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ቀሚሷ አልዘጋ ብሎ ከኔ ቀሚስ ጋር መጣላት ጀምራለች።

እህትህ ኢጃ


ፈረንሳይ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1997

ለእቴ ለኢጃ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ፈረቃ እየተቀያየረብኝ ነው። እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን። ብርዱ ገብቷል። ረቂያ ለኪልቱም ልጅ ሹራብ ጀምራለች። ሴትም ይሁን ወንድ እንዲሆነው ብላ በቢጫ ክር ነው የምትሠራው። የላክሽው የአርጋን ፍሬ ዘይት ደርሶናል፤ ልጆቹ ዳቦ እየነከሩበት ሊጨርሱት ነው።

ሽመላዋ የኛ ናት፣ አልተሳሳትሽም። ፋብሪካው ብዙ ዓይነት ነገር ይሠራል፤ እኔ ያለሁት ማሸጊያው ክፍል ነው። ስለ ቀኑ የጠየቅሽኝን ግን በደንብ አላውቀውም። እዚህ አገር አሁን አሁን ብዙም አይረጩትም፤ ሌላ ዓይነት መጥቷል። ከሐጂ ጋር ቃል አትመላለሺ። ላስቲክ ቤቱ የስንት ቤት ጉሮሮ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ኪልቱም ከላስቲክ ቤቱ ትውጣ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ትውጣ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። የሚጎድለውን እኔ እሞላለሁ።

በዚህ ሳምንት ለፈቃድ ከሚመጡት ሰዎች ጋር ብርድ ልብስና ቸኮሌት ልኬያለሁ። ብርድ ልብሱን እንደ ልማድሽ ለእንግዳ ብለሽ ሣጥን ውስጥ እንዳትቀብሪው፤ ልበሺው።

ወንድምሽ ኢደር


ቲግሚ ኡፍላ፣ የመጀመሪያው ቲማቲም በተጫነ ማግስት

ለወንድሜ ለኢደር፣

ብርድ ልብሱ ደርሷል፣ ለብሼዋለሁ፣ ይሞቃል፣ አላህ ይስጥህ። እንግዲህ ሰላምታው ይብቃንና ወደ ነገራችን እንግባ።

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ያንተ ደብዳቤ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ከሹራቡና ከብርዱ መሀል የወንድሜ ድምፅ ያለባት አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ "ኪልቱም ትውጣ" የምትለዋ። ኪልቱም ትውጣ፤ ፋድማስ? የፋድማ ልጅስ? ያቺ ባለፈው ዓመት የተዳረችው የጎረቤታችን ልጅ፣ እሷም አርግዛለች፣ እሷስ? ለባዕድ ልጅ መድኃኒት፣ ለእህት ልጅ መርዝ የሚሆን ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የተፈጠረው?

"ብዙም አይረጩትም" ትለኛለህ። አጎታችን ቢሂም "ብዙም አይጠጣም" ይባል ነበር። ሲሞት እንኳ ቀባሪዎቹ በአረቄው ሽታ ሰከሩ።

ለኪልቱም ያልከውን ነገርኳት። "አንቺ ካልወጣሽበት እኔ ብቻዬን ምን ብዬ እወጣለሁ? ሌሎቹስ ምን ይሉኛል?" አለችኝ። ባሏ አጋዲር ሰርዲን ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ላይ ነው። በግድ ላስወጣት ምን ብዬ? ምክንያቱን ቀብረህ ትእዛዙን ብቻ ላክህልኝ።

ሐጂ ትናንት ደግሞ "ፈረንሳይ ሞኝ መሰለቻችሁ?" አለን። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወደ ረድፌ ተመለስኩ። አንተ ዘንድ ግን መልሱ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይሁንብህ፤ ይረጩታል ወይስ አይረጩትም? ቃል ማብዛት አያስፈልግህም፤ አንዷን መርጠህ ጻፍ።

እህትህ ኢጃ


ፈረንሳይ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1997

ለእቴ ለኢጃ፣

አይረጩትም።

ይኸው ጻፍኩት። እዚህ አገር ያንን በርሜል ማሳው ላይ የሚከፍት ገበሬ ፍርድ ቤት ይቆማል። ከታገደ ቆየ። የጉድጓድ ውሃቸው ውስጥ ተገኘ፤ የገበሬዎቹ ሚስቶች ፅንስ ያስወርዳቸው ጀመር፤ ሴቶቹ አደባባይ ወጡ፤ ሕግ ወጣ። ሕጉ የከለከለው ግን እዚህ መርጨትን ነው። መሥራቱንና ባሕር አሻግሮ መሸጡን አልከለከለም።

እኔ ይኼን ሳውቅ ያልጠየቅሁ እንዳይመስልሽ። ጠይቄያለሁ። አለቆቹ፣ "የሚገዛው አገር ፈቅዷል፤ እነሱ ሕፃን አይደሉም፤ የሚጎዳቸውን ያውቃሉ" ይላሉ። የሠራተኛ ማኅበራችን መሪ ሞሪስ ደግሞ፣ "እኛ ብንተወው ሌላ ፋብሪካ ይሠራዋል። መርዙ እዚያው ይረጫል፣ እኛ እዚህ በራብ እናልቃለን፤ ማን ተጠቀመ?" ይላል። ሞሪስ ክፉ ሰው አይደለም፣ እቴ። እናታችን የሞተች ጊዜ ባርኔጣውን ይዞ እየዞረ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ያዋጣልኝ እሱ ነው። በዚህ ከተማ ከሽመላዋ በቀር ሌላ ሥራ የለም። ከሰል ማውጫው ተዘግቷል፤ ጨርቅ ፋብሪካው የእርግብ ቤት ሆኗል። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ በርሜል ነው።

በርሜሉ ላይ ጥንቃቄው ተጽፏል፤ ጓንት፣ ጭንብል፣ ከተረጨ በኋላ ለረጅም ጊዜ አለመግባት። የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ካቦው ፈረንሳይኛ አንብቦ እንደማያውቅ እኔም አንቺም እናውቃለን። ሐጂ ግን ያነባል።

አትፍረጂብኝ አልልሽም። ፍረጂ። ግን ኪልቱምን አስወጫት። ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ሰላምታዋን አልጻፍሽልኝም። እንዴት ናት?

ወንድምሽ ኢደር


ቲግሚ ኡፍላ፣ ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ጁምዓ

ለኢደር፣

አነበብኩት። ሴቶቹን ውሃ መቅጃው ላይ ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፋድማ፣ "የፈረንሳይ ሴት ስታለቅስ ሕግ ይወጣላታል፤ እኛ ስናለቅስ በርሜል ይመጣልናል" አለች። ስቀን ስናበቃ ማንም ማንንም አላየም።

"ሕፃን አይደሉም" ላሉህ አለቆች ይኼን ንገርልኝ። እኛን የጠየቀን ሰው የለም። የጠየቁት ሐጂን ነው፤ ሐጂ ደግሞ ላስቲክ ቤት አይገባም፣ ከበር ቆሞ ነው የሚጣራው። ለሞሪስም ንገርልኝ። ሌላው ይሠራዋል ብሎ መሥራት፣ ሌላው ይሰርቀዋል ብሎ መስረቅ ነው። ደግነቱ ለአንተ ይሁንለት፣ አመሰግነዋለሁ፤ ነገሩ ግን በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው። ቲማቲሙን የጫነው መኪናም ወደየት እንደሚሄድ ጠይቀው። ወደናንተው ነው። ክረምት ላይ የሚበሉት ያንኑ ነው።

አንተን አዝዬ ያሳደግሁ ነኝ፤ ልለምንህ አልፈልግም ነበር። አሁን ግን ልመናም አነሰኝ። ፖስታው ውስጥ ሻሽ አለ። አልታጠበም። ሻሽ ጥዬብሃለሁ፣ ኢደር። ያንን ነገር መሥራታችሁን አቁሙ። ልመናዬ ሲፈጸም ትመልስልኛለህ። እስኪፈጸም ከቤትህ አይወጣም።

ስለ ኪልቱም ጠይቀሃል። ጾም ነው፤ በጾም አፍ ብዙ አይወራም።

ኢጃ


ፈረንሳይ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1998

ለእቴ ለኢጃ፣

ምን አደረግሽኝ? እናታችን እንኳ በዕድሜዋ ሻሽ የጣለችው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ሰው ሊገዳደል ሲል። ሻሽ ተጥሎበት እምቢ ያለ ወንድ አገሩ ላይ ሰላምታ እንደሚነፈግ እያወቅሽ!

ፖስታውን ስከፍት ደብዳቤውን ሳላነብ ነበር ያወቅሁት። ሽታው። ከሥራ ስወጣ ታጥቤ ታጥቤ የማይለቀኝ ሽታ ነው፤ ረቂያ "ይኼ ሰውዬ ከነፋብሪካው ነው የሚተኛው" የምትለኝ። እኔ በርሜል ውስጥ አሽጌ የሸኘሁት ነገር እናንተ አፍ ላይ ተጠምጥሞ ቆይቶ ቤቴ ተመልሶ መጣ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ረቂያ ልጠበው ብላ ስታነሣው እጇን ያዝኩት።

በሳምንቱ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። መንግሥት ወደ ውጭ መላኩንም ሊከለክል ነው ተብሎ ይወራል፤ አለቆቹ "አይከልከልብን" የሚል ማመልከቻ አዘጋጅተው ሠራተኛው እንዲደግፈው ነው የተጠራነው። ሞሪስ ንግግሩን ሲጨርስ ተነሣሁና ሻሹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

የሥራ ደኅንነት ኃላፊዋ ማዳም ፔልቲዬ ሽታው ሲደርሳት ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ ተነሣች። "ማን ነው ይኼን ጨርቅ ከማሸጊያው ክፍል ያወጣው? ወደ ኋላ፣ ሁላችሁም ወደ ኋላ! መስኮት ክፈቱ!" ጮኸች። ጓንት አጥልቃ ቢጫውን ከረጢት አመጣች። ያ ነገር የነካው ጨርቅ ታሽጎ መቃጠል አለበት፤ ደንባችን ነው። እኔን ደግሞ፣ "በባዶ እጅህ ነው የያዝከው? አብደሃል? ሂድ ታጠብ!" አለችኝ።

"ከማሸጊያው ክፍል አልወጣም፣ ማዳም" አልኳት። "ከእህቴ የመጣ ነው። ላስቲክ ቤት ስትገባ አፏ ላይ የምታስረው ነው።"

ያ ሁሉ ሰው ሻሹን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያየው። ሞሪስ ቀስ ብሎ፣ "ጭንብሏስ?" አለኝ። "እያየኸው ነው፣ ሞሪስ" አልኩት።

ድምፅ ተሰጠ። ተሸነፍኩ፤ ማመልከቻው ተፈርሟል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ እጄን ሳነሣ፣ ከኋላዬ ሌሎች እጆች አየሁ። ማዳም ፔልቲዬ ሻሹን ወደ ከረጢቱ ልትከት ስትል ነጠቅኋት። "ይኼ ሻሽ አይቃጠልም፤ አደራ ነው" አልኳት። አሁን የወይራ ማሰሮ ውስጥ ታሽጎ በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ ከማሸጊያው ክፍል አስወጥተው ግቢ ጠራጊ አድርገውኛል። ንጹሕ አየር አገኘሁ በያቸው።

ኪልቱምን ስጠይቅሽ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። መውለጃዋ እየተቃረበ መሆን አለበት። ሹራቡ አልቋል፤ ረቂያ ቆብ ጨምራለች።

ወንድምሽ ኢደር


ቲግሚ ኡፍላ፣ ለውዝ ሲያብብ

ለወንድሜ ለኢደር፣

ረቂያ ሹራቡን ለሌላ ልጅ ትስጠው።

አሁን ልንገርህ። ያ "አይረጩትም" ያልክበት ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ እያለ ነው። ኪልቱም ረድፉን ይዛ እየለቀመች "እማዬ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ" አለችና እዚያው ቁጭ አለች። እኔና ፋድማ ደግፈን አወጣናት። ሆስፒታል የደረስነው ከመሸ ነው። ወንድ ልጅ ነበር። ሐኪሙ "ሥራዋ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀን፤ ነገርነው፤ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ሻሹ የኔ መስሎህ ነበር። የኔ አይደለም። ደግፈን ስናወጣት የኪልቱም አፍ ላይ የነበረው ነው። ስፈታላት ተቀብላኝ እጄ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። "ለአጎቴ ላኪው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አትናገርም።

ለምን ደበቅሽኝ ትላለህ። ያኔ ነግሬህ ቢሆን ለኪልቱም ብለህ ትነሣ ነበር። እኔ የፈለግሁት ለፋድማ ብለህ፣ ስሟን ለማታውቃት ለዚያች ለጎረቤታችን ልጅ ብለህ እንድትነሣ ነው። ተነሥተሃል። ተሸንፈህም ቢሆን ተነሥተሃል። ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ። ሰውን ሁሉ ግድግዳ ያስደገፈ ሻሽ! እኛ ጉንጫችን ላይ አስረነው እንዘፍን ነበር እኮ።

አሁን ሌላ ልመና አለኝ። ማዳም ያቺን ጨርቅ ለመንካት ጓንት ካጠለቀች፣ አንተ በርሜሉን ስትሞላ ምን ትለብስ ነበር? ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ያለውን ሁሉ እፈልገዋለሁ። ለዓረፋ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቸኮሌት እንዳትልክ፣ ብርድ ልብስም አታስብ። እሱን ላክልኝ።

እህትህ ኢጃ


ፈረንሳይ፣ ማርች 22 ቀን 1998

ለእቴ ለኢጃ፣

ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። ረቂያ ሹራቡን ለማንም አልሰጥም ብላ ደረቷ ላይ ይዛው ተኛች። ኪልቱምን በኔ ስም እግሯን ሳሚልኝ። ያንን በርሜል የሞላሁት በዚህ እጄ ነው፤ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

ልብሱን ከየት እንደማመጣ ጨንቆኝ ነበር። ወደ ማሸጊያው ክፍል መግባት ተከልክያለሁ። ትናንት የቤቴ ደወል ተደወለ፤ ስከፍት ሰው የለም፣ በሩ ላይ ከረጢት ተቀምጧል። ነጩ ቱታ ከነቆቡ፣ ፊት ሙሉ የሚሸፍነው ጭንብል፣ እስከ ክርን የሚደርሰው ጓንት፣ ቦት ጫማው። ሁሉም አዲስ ነው፤ አልተነካም። በመስኮት ሳይ ሞሪስ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ መንገዱን ሲሻገር አየሁት። ዛሬ ግቢ ውስጥ ሳገኘው፣ "ሞሪስ፣ ትናንት..." ስል፣ "ትናንት ቤቴ ተኝቼ ነበር" አለኝና ሲጋራ ሰጠኝ። ሲጋራ እንደማላጨስ ያውቃል።

የአጎታችን ልጅ ሑሲን ለዓረፋ በሚኒባሱ እየመጣ ነው። ጣሪያው ላይ ከብስክሌቶቹና ከፍራሹ መሀል አስሮታል። ጉምሩክ ቢጠይቀው የንብ አናቢ ልብስ ነው ይላቸዋል።

ወንድምሽ ኢደር


ቲግሚ ኡፍላ፣ ከዓረፋ በኋላ

ለወንድሜ ለኢደር፣

ሰላምታዬ ረጅም ነው፣ በልብህ ጨምርበት፤ ወሬው ስለበዛብኝ ነው።

ልብሱ ደረሰ። ግቢ ውስጥ ዘረጋነው። ሴቶቹ ከበቡት። ፋድማ ጓንቱን አጥልቃ እጇን አገላብጣ አየችና አወለቀችው። ጭንብሉን ያነሣች አልነበረችም። አንተ የላክህልኝ ደብዳቤ ሁሉ ተደምሮ ያንን ያህል አልተናገረም።

ያኔ ኪልቱም ከቤት ወጣች። ዝናብ ሲጠፋ እናታችን ትልቁን ጭልፋ እንደ ሙሽራ አልብሳልን፣ ዝናብ ለመለመን በየደጁ ይዘናት ስንዞር ታስታውሳለህ? አንተ ከኋላ እየሮጥህ ውሃ ትረጭብን ነበር። ኪልቱም ያቺን ጭልፋ የምናስርበትን ረጅም ሸምበቆ ከጣሪያ አወረደችና ቱታውን ታለብሰው ጀመር። ጓንቱን እጅ አደረገችለት፣ ጭንብሉን ፊት። ቦት ጫማውን በገመድ አንጠለጠለችው። ከዚያ ብድግ አድርጋ ያዘችና፣ "እንሂድ" አለች። ስንት ጊዜ ዝም ያለች ልጅ!

ከደጅ ደጅ ስንዞር ሴቱ ሁሉ ተከተለን። ዘፈኑን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤

ሙሽራችን መጣች ጓንቷን አጥልቃ፣
እኛ በሻሽ ገባን፣ እሷ ተጠንቅቃ።

ሐጂ በር ስንደርስ ሚስቱ የዝናብ ልመና መስሏት፣ እንደ ወጉ ማሰሮ ውሃ ይዛ ወጥታ ሙሽራዋ ላይ አፈሰሰችባት። ውሃው ነጩ ቱታ ላይ ተንሸራቶ መሬት ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችበትም። ሐጂ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ።

"ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" አለ።

"አጎቴ ኢደር ያንተን መድኃኒት ሲያሽግ የሚለብሰው ነው፣ አባቴ ሐጂ" አለችው ኪልቱም። "ሳይረጭ፣ ሲያሽግ ብቻ።"

"ለኛ አገር ይሞቃል" አለ ሐጂ። አይ ሐጂ!

ፋድማ ታዲያ መች ትተወው! "እሱስ እውነትህን ነው። እንግዲያው ጠዋት በቅዝቃዜው ልበሰውና አንተው እርጭልን" አለችው። ሴቱ አውካካ። ካቦው እንኳ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

"ሴቶች፣ ልቦና ግዙ። የፈረንሳይ መድኃኒት ነው፤ ፈረንሳዮቹ..."

"አይረጩትም" አልኩት። ያንተን ቃል ነው የሰጠሁት። "አንተ ደግሞ በርሜሉ ላይ ያለውን ታነባለህ።"

ሚስቱ ባዶ ማሰሮዋን እንደያዘች ዞር ብላ፣ "እውነት ነው?" አለችው። ሐጂ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ያልከኝ ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ እንጃ፤ ፊቱ ሲነቅዝ አየሁት።

በማግስቱ አንዲትም ሴት አልገባችም። በሚቀጥለውም። ስልክ ቤት ያለው የእህቱ ልጅ "ከሥራ ትባረራላችሁ" እያለ ዞረ። ሐጂ ከሩቅ መንደር ሴቶች በመኪና አስመጣ፤ ኪልቱም ሙሽራዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አንዷ ጠየቀች፣ ኪልቱም ነገረቻት፣ መኪናው እንዳመጣቸው መለሳቸው። ቲማቲሙ ቀላ፣ ከዚያም እየፈነዳ መሬት ወደቀ። ሽታው እኛ ግቢ ድረስ መጣ። በመጨረሻ ሐጂ በርሜሎቹን አወጣና ተሸነፍኩ እንዳይል፣ "ዝንቡ ስለጠፋ ነው" አለ። ይሁንለት።

ሐጂ በርሜሎቹን ማውጣቱን ሑሲን ነግሮህ፣ የት እንደሄዱ ጠይቀሃል። ከወንዙ ማዶ ላለ ሰው ሸጣቸው። ኪልቱምና ፋድማም ትናንት ሙሽራዋን ይዘው ወንዙን ተሻግረዋል። እዚያ ያሉት ሴቶች ጭልፋ ማልበስ ከኛ ይልቅ ያውቁበታል ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። "ሐጂ በርሜሉን ካወጣ ሻሹን ልመልስልሽ ወይ?" ብለህ በሑሲን ልከህብኛል። ወንድሜ፣ ደክሞሃል፣ አውቃለሁ። ግቢ መጥረግ ለአንተ ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ ልጆችህም እንጀራ ይፈልጋሉ። ግን እኔ ሻሽ የጣልኩት ሐጂ ላይ አይደለም። እናንተ መሥራታችሁን አቁሙ ነው ያልኩህ። እኛ ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ሽመላዋ ባሕር እየተሻገረች ትመጣለች። ስለዚህ በረንዳህ ላይ አታስቀምጠው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ማሰሮውን ይዘህ ግባ። ማዳም መስኮቷን ትክፈት፣ ወደ ኋላ ትበላችሁ፣ ግድግዳውን ተደገፉ። ሞሪስም ከፈለገ በማግስቱ "ቤቴ ተኝቼ ነበር" ይበል፤ ከረጢት የተሸከመ ትከሻ እጅ ማንሣት አያቅተውም በለው።

ለኪልቱም መልእክትህን ነገርኳት፣ የሻሹ ባለቤት እሷ ናትና። ከመሻገሯ በፊት መስታወት ፊት ቆማ አዲስ ሻሽ እያሰረች ነበር፤ ቀይ ነው፣ ያምርባታል። "አጎቴን ሰላም በዪልኝ" አለችኝ። "እኔ ሌላ ገዝቻለሁ። ያኛው ገና ሥራ ላይ ነው።"

እህትህ ኢጃ